ለጣሪያ እጥበት የሚበረክት ፓምፕ የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት ሆነን ሐዋሳ ውስጥ የጣሪያና የግድግዳ እጥበት እንሠራለን። አብዛኛው ሥራችን ሐይቅ ዳር ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ጣሪያው ግማሹ ተራ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ቀለም ያለው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የላቫጆ ማሽን ጨርሰናል። መጀመሪያ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ከሥሩ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ በመጨረሻ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ሻጋታው እንዲለቅ በረኪና በውሃ አቅጥነን በዚያው ፓምፕ ነው የምንረጨው። አሁን ገንዘብ አጠራቅመናል፤ የሚበረክተው የትኛው ነው?
ከሐዋሳ፣ ታቦር

መልስ፦ ሁለቱንም ማሽን የጨረሳቸው በረኪናው ነው። የጻፋችሁት የብልሽት ቅደም ተከተል ራሱ ይናገራል። በግፊት ፓምፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፒስቶን፣ ፒስቶኖቹን ዙሪያቸውን የሚይዙ ጎሚኒዎች፣ ስድስት ቫልቭና የቫልቮቹ ሞላዎች አሉ። በረኪና ሲያልፍባቸው መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭኖቹ ሞላዎችና ተራ ጎማ የሆኑት ጎሚኒዎች ናቸው። ሞላው ሲበላ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ ግፊት የወረደው ያኔ ነው። ጎሚኒው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውሃ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ከሥር የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ያ ውሃ የዘይት ማገጃውን አልፎ ሲገባ ዘይቱ ይነጣል። ዘይቱ ከነጣ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ብታሠሩት ኩሽኔታው ይያያዛል፤ ያኔ መጠገን አዲስ ከመግዛት ብዙም አይረክስም።

ስለዚህ «የቱ ፓምፕ ይበረክታል» ከማለታችሁ በፊት በውስጡ ምን እንደሚያልፍ ለዩ። በረኪና የሚረጭና ንጹሕ ውሃ የሚረጭ ፓምፕ አንድ መሆን የለባቸውም። የቱንም ያህል ውድ የግፊት ፓምፕ ብትገዙ በረኪና ካሳለፋችሁበት ውጤቱ ያው ነው። የአሉሚኒየም ቴስታ (ቫልቮቹን የያዘው፣ ውሃው የሚያልፍበት የፓምፑ ራስ) በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ይቦረቦራል። የናስ ቴስታ ይሻላል፤ ነገር ግን ናስም በጊዜ ብዛት ዚንኩ እየወጣ ቀይ ሆኖ ይፈረካከሳል። ስቴንለስ ብረት እንኳ ሳይታጠብ ካደረ በላዩ ጥቃቅን ቀዳዳ ያወጣል። አሁን ባጠራቀማችሁት ገንዘብ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ግዙ።

የመጀመሪያው ለበረኪናው ነው። ለዚህ ከፍተኛ ግፊት አያስፈልግም፤ ሻጋታውን የሚገድለው በጣሪያው ላይ የሚቆየው ፈሳሽ ነው። ባለ 12 ቮልት የዲያፍራም ፓምፕ (በሚርገበገብ የጎማ ሽፋን ውሃ የሚገፋ) በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር፣ ከ4 እስከ 7 ባር ግፊት የሚሰጥ በቂ ነው። ለግብርና መድኃኒት መርጫ የተሠሩት በብዛት ይገኛሉ፤ ሆኖም ሲገዙ የሚጠየቀው ስለ ሊትሩ ብቻ አይደለም። የቫልቩና የኦሪንጉ ጎማ ቫይተን ወይም ኢፒዲኤም፣ ዲያፍራሙ ሳንቶፕሪን፣ ቴስታው ፖሊፕሮፒሊን መሆን አለበት። ጎማው ናይትራይል ወይም ቡና (Buna) ከተባለ ለዘይት ጥሩ ነው፤ ለበረኪና ግን ተዉት። ሻጩ የጎማውን ዓይነት የማያውቅ ከሆነ በፓምፑ ሳጥን ወይም መመሪያ ላይ ይጻፋል፤ እዚያም ከሌለ ለዚህ ሥራ አትግዙት።

አሁን ቁመቱን አስቡ። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ 1 ባር ይበላል። ግማሽ ኢንች ጎማ 30 ሜትር ተዘርግቶ በደቂቃ 15 ሊትር ሲያልፍበት በሰበቃ ብቻ ሌላ 1 ባር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 4 ባር ፓምፕ መሬት ላይ ተቀምጦ ሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ስትረጩ በእጃችሁ የሚቀረው 2 ባር ነው። ይበቃል፤ ግን ትርፍ የለውም። ለፎቅ ሥራ ባለ 7 ባሩን ምረጡ፣ ወይም ጎማውን ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች አሳድጉ። ጎማውን የሚይዘው ፋሸታ፣ መጋጠሚያውና መርጫው ሁሉ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል።

ፓምፑ ሲሠራ 15 አምፔር ገደማ ይስባል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ሦስት ሰዓት ያሠራዋል። ከባትሪው እስከ ፓምፑ ያለው ሽቦ 5 ሜትር ከሆነ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ በ2.5ቱ ብትሠሩ 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ሞተሩም ይግላል። የእነዚህ ፓምፖች ሌላው ደካማ ጎን የግፊት ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ኖዝሉ ጠባብ ሲሆን ፓምፑ ተክ ተክ እያለ በየሰከንዱ ይበራል ይጠፋል፤ በዚህ ዓይነት የማብሪያው ጫፎች ቶሎ ይቃጠላሉ። መፍትሔው ኖዝሉን ማስፋት፣ ወይም ከፓምፑ በኋላ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) አስገብቶ ትርፉን ወደ በርሜሉ መመለስ ነው።

የዕድሜው ግማሽ በየማታው እጥበት ነው። ሥራ ስታበቁ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 5 ደቂቃ አሳልፉበት። በረኪና ውስጡ ካደረ ጨው ሆኖ ይደርቃል፤ ጠዋት ስታስነሱት ያ ጨው እንደ አሸዋ ጎሚኒውን ይልጠዋል። የክሎሪን ዱቄት በጥብጦ መርጨትም እንደዚሁ ነው፤ ዝቃጩ ቫልቩ ሥር ይቀመጣል። ከዱቄቱ ፈሳሹ ይሻላል።

ስለ መጠኑ፦ የገዛችሁት በረኪና 5 በመቶ ከሆነ 1 ሊትር በረኪና በ4 ሊትር ውሃ 1 በመቶ ይሆናል፤ ለ60 ሊትር በርሜል 12 ሊትር በረኪና ማለት ነው። በተራ ቆርቆሮ ላይ ከዚህ አትለፉ፤ ከ10 ደቂቃ በላይም አታቆዩት፤ ዚንኩን ይበላዋል። በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ፈሳሹ ሳይሠራ ይደርቃል፣ ስለዚህ በጠዋት ጀምሩ። በረኪና ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ኃይሉ ይወርዳል፤ ጄሪካኑን ጥላ ሥር አኑሩ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ደግሞ በምንም ምክንያት አታገናኙት፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ጣሪያ ላይ ሆኖም ይገድላል።

ሁለተኛው ፓምፕ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚያልፍበት ነው፤ ለዚህ የላቫጆ ዓይነቱ ልክ ነው። ስትመርጡ ዙሩን እዩ። በ50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ 1,450 ገደማ የሚዞረው ከባለ 2,800ው በግማሽ ይመላለሳል፤ ጎሚኒውም በዚያው መጠን ይቆያል። ካርቦን ብሩሽ ያለው፣ ሲነሳ እንደ መሰርሰሪያ የሚጮኸው የቤት መኪና ለማጠብ የተሠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አይችልም። ፒስቶኑ ሴራሚክ፣ ቴስታው ናስ፣ የዘይት ማያ መስተዋት ያለው ይሁን። የመጀመሪያውን ዘይት ከ50 ሰዓት በኋላ ቀይሩ፤ ቀጥሎ ያለውን እንደ መመሪያው፣ ብዙውን ጊዜ በየ300 እስከ 500 ሰዓት። ከሁሉም በፊት ግን ሻጩን የጎሚኒና የቫልቭ ኪት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ኪቱ ሱቁ ውስጥ ወይም አዲስ አበባ የማይገኝለት ፓምፕ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለሥራ አይገዛም።

ለቆርቆሮ ከ60 እስከ 100 ባር በቂ ነው፤ ባለ 40 ዲግሪ ኖዝል፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች። ከታች ወደ ላይ ከረጫችሁ ውሃው በቆርቆሮው መደራረቢያ ሥር ገብቶ ኮርኒሱን ያበላሻል። ስትረግጡም ምስማሩ በተመታበት መስመር፣ ሞራሌው ላይ ይሁን። ጣሪያው አሮጌ አዝቤስቶስ ከሆነ ሥራውን አትቀበሉ፤ በግፊት ውሃ ሲመታ ለሳንባ አደገኛ የሆነውን ደቃቅ ቃጫ ይበትናል።

ጥያቄ፦ ባለ 2.2 ኪሎዋት ማሽን ላይ «200 ባር፣ 15 ሊትር በደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ ከዚህ የተሻለ የለም ይላል። ልመነው?
ከሐዋሳ፣ መናኸሪያ

መልስ፦ አይመኑት። ሊትሩን በባር ያባዙ፣ ለ600 ያካፍሉ፤ የሚመጣው ውሃው የሚፈልገው ኪሎዋት ነው። 15 በ200 ሲባዛ 3,000፣ ለ600 ሲካፈል 5 ኪሎዋት። በፓምፑና በሞተሩ መካከል የሚባክነውን ስንጨምር ወደ 6 ኪሎዋት ይጠጋል። 2.2ቱ ይህን ሊሰጥ አይችልም። ምናልባት 200ው ፓምፑ ከመፈንዳቱ በፊት የሚችለው የመጨረሻ ግፊት ነው፣ 15ቱ ደግሞ ያለ ግፊት የሚፈስሰው። 2.2 ኪሎዋት በእውነት የሚሰጠው በደቂቃ 11 ሊትር በ100 ባር ገደማ ነው፤ ለጣሪያም የሚፈለገው ይኸው ነው።

በሲንግል ፌዝ መብራት እንደዚህ ያለ ሞተር 13 አምፔር ገደማ ይስባል። 50 ሜትር ባለ 1.5 ሽቦ ከዘረጉለት እየሠራ 15 ቮልት ይጠፋል፤ ሲነሳ ደግሞ አምስት እጥፍ ስለሚስብ መጥፋቱም አምስት እጥፍ ነው፣ ሞተሩም እያጉረመረመ ሳይነሳ ይቃጠላል። ለዚያ ርቀት ባለ 4 ሽቦ ይጠቀሙ። ጥቅል ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ቤንዚን ሞተር ያለውን ካሰቡ፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል፤ እዚህ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከሚያስፈልግዎ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይግዙ። ካርቡሬተሩም ለከፍታ ካልተስተካከለ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ጥያቄ፦ ፓምፓችን አዲስ ነው፤ ነገር ግን ጎማው እንደ እባብ ይዘላል፣ ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። መካኒኩ ቫልቭ ይቀየር ይላል።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ቫልቩን ከመቀየርዎ በፊት ውሃውን ይለኩ። ምልክቱ ፓምፑ ውሃ ሲያጥረው የሚያሰማው ነው። ፒስቶኑ ሲስብ በቂ ውሃ ካልመጣለት በቴስታው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ነው የሚንኳኳው፣ ብረቱንም የሚቦረቡረው። ባለ 15 ሊትር ፓምፕ ቢያንስ በደቂቃ 22 ሊትር ሊቀርብለት ይገባል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከመግቢያው ጎማ ሥር ያድርጉ፤ በ55 ሰከንድ ካልሞላ ችግሩ ተገኘ።

ከቧንቧ በቀጥታ አይሳቡ፤ ሮቶ ይሙሉና ከፓምፑ አንድ ሜትር ከፍ ያድርጉት። የመግቢያው ጎማ ሦስት አራተኛ ወይም አንድ ኢንች፣ አጭርና የማይጨማደድ ይሁን። ከጉድጓድ ወይም ከመሬት በርሜል ወደ ላይ መሳብ እዚህ የባሰ ከባድ ነው፤ በ1,700 ሜትር ከፍታ አየሩ ውሃን የሚገፋበት ኃይል ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፊልትሮውን በየቀኑ ያጽዱ፤ በፋሸታው በኩል አየር እንዳይገባም ያጥብቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መንኳኳቱ ካልቆመ ያኔ ቫልቩ ይታይ።

ግፊቱ ቀስ በቀስ የወረደ ከሆነ ደግሞ ኖዝሉን ይቀይሩ። በ15 ሊትርና በ150 ባር ልኩ የኖዝል ቁጥር 055 ነው፤ ተበልቶ 06 ሲሆን ግፊቱ ወደ 126 ባር ይወርዳል፣ ፓምፑ ግን ምንም አልሆነም። የመርጫውን ምላጭ ለቅቀው ከሦስት ደቂቃ በላይ ማሽኑን አያቆዩት፤ ውሃው እዚያው እየዞረ ይሞቃል፣ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ጎሚኒው ይበላሻል።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል አካባቢ ያለ ቤት ጣሪያው በአባ ኮዳ (ትልቁ ወፍ) ኩስ ተሸፍኗል። በረኪና ብቻ ይበቃል?
ከሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር

መልስ፦ በረኪናውን ለመጨረሻ ያቆዩት። ኩሱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በደረቁም አይጥረጉት፤ አቧራው በሳንባ ገብቶ ያሳምማል። በዝቅተኛ ግፊት ውሃና ሳሙና አርጥበው 15 ደቂቃ ይተዉት፤ እንደገና ያርጥቡና በረጅም ብሩሽ ይግፉት፣ አፍንጫና አፍዎን ተስማሚ ማስክ ያድርጉበት። ኩሱ በሙሉ ታጥቦ ከወረደ በኋላ ሻጋታ ከቀረ ነው በረኪናው የሚረጨው። ከመጀመርዎ በፊት ከአሸንዳው ወደ ሮቶው የሚወርደውን ቱቦ ይንቀሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ ይመልሱት።