ሃምሳ ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከርም ሬጉሌተር

ጥያቄውን የላከችልኝ ፍራንክፈርት የምትኖር እህት ናት። ግብፅ፣ ሁርጋዳ ላይ ዳይቪንግ (በአየር ሲሊንደር ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ከተማረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ትጠልቃለች። ባለፈው ጊዜ የተከራየችው ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የሚተነፈስበት ዕቃ) የአፍ ጎማው ተቀዶ ሳምንቱን ሙሉ ጨው ውሃ ሲያጠጣት ሰነበተ፤ ስለዚህ የራሷን ልትገዛ ቆርጣለች። ዘንድሮ መጀመሪያ ጅቡቲ ወርዳ ዌል ሻርክ ልታይ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገብታ ቤተሰብ ልትጠይቅ አስባለች። ሻጩ ደግሞ ዋጋው የናሱን ሦስት እጥፍ የሆነ ቲታኒየም አሳይቶ «ለጉዞ የሚሆነው ቀላሉ ነው» ብሏታል። «ወንድሜ፣ ገንዘቡን ላውጣ ወይስ አላውጣ?» ትላለች።

እህቴ፣ አታውጪ። ቲታኒየም ግሩም ብረት ነው፤ ቀላል ነው፣ ጨውም አይበላውም። ግን ያንቺን ችግር አይፈታም። እስራኤል፣ ኤይላት ውስጥ ሬጉሌተር ስፈታና ስገጥም 14 ዓመት ሆኖኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡልኝ ዕቃዎች ውስጥ የሚያስቸግሩኝ ብዙ የጠለቁት ሳይሆኑ ብዙ የተቀመጡት ናቸው። አስተማሪዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሬጉሌተር ቢጫጫርም ውስጡ ደህና ነው። በዓመት አንድ ሳምንት ወጥቶ ሃምሳ ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከርመው ግን ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ጀልባ ላይ ሲከፈት ያፏጫል።

ለምን እንደሚያፏጭ ላስረዳሽ። ሬጉሌተር ሁለት ደረጃ አለው። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የ200 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት በዙሪያሽ ካለው የውሃ ግፊት 9 ወይም 10 ባር ብቻ ከፍ ወዳለ ግፊት ያወርደዋል። አፍሽ ውስጥ ያለው ሰከንድ ስቴጅ ደግሞ ያንን ለሳንባሽ በሚመጥን ልክ ይሰጥሻል። በሰከንድ ስቴጁ ውስጥ ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ለስላሳ ጎማ አለች። ዕቃው አየር ሳይኖረው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ይህችን ጎማ በስለታማ የብረት ቀለበት ላይ ተጭኖ ይይዛታል። ወራት ሲያልፉ ቀለበቱ ጎማዋን ይቦረቡራታል። አውጥቼ በማጉያ መነጽር ሳያት ማኅተም የተመታባት ትመስላለች። አየር የሚያመልጠው በዚያ ጉድጓድ ነው። ገላው ቲታኒየምም ይሁን ናስ፣ ጎማዋ ያው ጎማ ናት።

ስለዚህ ከክብደቱ በፊት የምትጠይቂው ይህን ነው፦ ፍራንክፈርት ውስጥ ወይም አቅራቢያሽ ይህን ዕቃ የሚፈታ፣ መለዋወጫውም እጁ ላይ ያለ ባለሙያ አለ? እንደ ስኩባፕሮ፣ ማሬስ፣ ክሬሲና አፔክስ ያሉት ስሞች አውሮፓ ውስጥ ጠጋኝ አያጡም። ስሙን ሰምተሽው የማታውቂው ርካሽ ዕቃ በኢንተርኔት ካጋጠመሽ ግን መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ሳታረጋግጪ ገንዘብሽን አትልቀቂ።

ወደ ክብደቱ እንምጣ። አንቺ የተከራየሽውን የመሰለ ሙሉ ስብስብ (ሬጉሌተሩን ከነቱቦውና ከነመለኪያው) ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ ያለው ግን ሻጩ ባሳየሽ ቦታ ብቻ አይደለም። የግፊት ጌጅ (መለኪያ)፣ የጥልቀት ጌጅና ኮምፓስ አንድ ላይ የተሸከመው ትልቁ ኮንሶል ብቻውን ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። በእሱ ፋንታ አንዲት ትንሽ የግፊት ጌጅ አድርጊ፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን የእጅ ኮምፒውተርሽ ይነግርሻል። ከዚያ በዲን የሚታሰር ፈርስት ስቴጅ ምረጪ። ዲን ሲሊንደሩ ውስጥ በጥርስ የሚጠመዘዘው ነው፤ ዮክ ደግሞ በላዩ ተቆልፎ በብሎን የሚጠብቀው። የዮኩ ማቀፊያ ስለሌለው ዲኑ ከ150 እስከ 200 ግራም ይቀላል፣ አያያዙም ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ጀርመን ውስጥ የሚበዛውም እሱ ነው።

ግብፅ ውስጥ ዮክ ይበዛል። ቢሆንም ብዙዎቹ ሲሊንደሮች አፋቸው ላይ በአለን ቁልፍ የሚወጣ ማስገቢያ አላቸው፤ እሱ ሲወጣ ዲን ይሆናሉ። ዲኑን ዮክ ላይ የሚያስገጥም አስማሚ ገዝተሽ ብትጓዢ በዲኑ ያተረፍሽውን ክብደት መልሰሽ ተሸከምሽው ማለት ነው። ጅቡቲ ላለው ማዕከል ከመነሳትሽ በፊት «ሲሊንደራችሁ ዲን ይቀበላል ወይ? ካልሆነ አስማሚ አላችሁ?» ብለሽ ጻፊ። የለንም ካሉሽ ብቻ ያዢ።

ክብደት ይቀንሳል እየተባለ የሚሸጠው በጨርቅ የተሸመነ ቱቦ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። እውነት ነው፣ ቀላልና ተጣጣፊ ነው። ባለፉት ዓመታት ግን ከውጭ ምንም እንከን የሌለባቸው፣ ውስጣቸው ግን የፈረሰ አንዳንድ አሮጌ ቱቦዎች መጥተውልኛል። አንዱን በምላጭ ርዝመቱን ሰንጥቄ ስከፍተው ቢጫ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። የውስጥ ሽፋኑ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ፈርሶ የተፈጠረ ነው፤ ያ ፍርፋሪ የሰውን ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ቱቦ ከመረጥሽ የተመረተበትን ዓመት እዪ፣ አምራቹ በሚለው ጊዜም ያለ ድርድር ቀይሪው። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ለአንቺ ደህናው ጎማ ይበቃል።

ስለ ፈርስት ስቴጁ ዓይነት፦ ርካሾቹና ቀላሎቹ፣ ለምሳሌ የስኩባፕሮ ኤምኬ2 ኢቮ ወይም የክሬሲ ኤሲ2፣ ባላንስ ያልተደረገላቸው (የሲሊንደሩ ግፊት ሲቀንስ ትንፋሹ እንዳይለወጥ ያልተሠሩ) ፒስተኖች ናቸው። ውስጣቸው የሚንቀሳቀሰው ነገር አንድ ነው፣ ማንም ጠጋኝ ይፈታቸዋል። ጉድለታቸው ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ ትንፋሹ ትንሽ መክበዱ ነው። 50 ባር ይዞ ለሚወጣ ጠላቂ ይህ ብዙም አይሰማም። ነገር ግን ታች ሳላችሁ ጓደኛሽ አየር አልቆበት ኦክቶፐስሽን (ትርፍ ሰከንድ ስቴጅሽን) ቢይዝ፣ ሁለት የደነገጠ ሳንባ ከአንድ ፈርስት ስቴጅ ይስባል። እኔ ለእህቴ የምገዛ ብሆን ለዚያች ደቂቃ ስል ባላንስ የተደረገ ትንሽ ዲያፍራም (በፒስተን ፋንታ ተጣጣፊ ሽፋን ያለው ፈርስት ስቴጅ) እገዛላታለሁ። ዲያፍራም ጨውና አሸዋ ወደ ውስጠኛው ክፍል እንዳይገባ ያግዳል፤ ረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ዕቃ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በጀትሽ ካልፈቀደ ፒስተኑን በሰላም ግዢ።

ገላው ላይ የተቀረጸውንም አንብቢ። ኢኤን 250 የአውሮፓ ደረጃ ነው። ከጎኑ ኤ ካለ ዕቃው ከኦክቶፐስ ጋር አብሮ ተፈትኗል ማለት ነው። ከ10 ዲግሪ በላይ የሚል ምልክት ካለ ደግሞ ለቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም። ለቀይ ባሕርና ለጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይህ አያሳስብሽም፤ እዚህ ኤይላት እንኳ በክረምቱ ልብ ውሃው ከ20 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ነገር ግን የጀርመን ጓደኞችሽ በበጋ ወደ ሐይቅ ቢጋብዙሽ ይህንን የጉዞ ዕቃ ይዘሽ አትግቢ። ከላይ ሙቅ የሆነ ሐይቅ ከ20 ሜትር በታች 5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። አየር ከፍ ካለ ግፊት ሲወርድ ራሱ ይቀዘቅዛል፣ ቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ሬጉሌተሩም ተከፍቶ ይቀራል። አየሩ ቶሎ ተሟጦ ያልቃል። እዚያ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ዕቃ፣ እሱም ሁለት ፈርስት ስቴጅ በሁለት የተለያየ የሲሊንደር ቫልቭ ላይ፣ ያስፈልጋል።

ኦክቶፐሱን ከጠላቂው ተንሳፋፊ ጃኬት አየር መሙያ ጋር አንድ የሚያደርገው ዕቃ ቱቦ ይቀንሳል፤ ለአንቺ ግን አልመክረውም። በአደጋ ጊዜ አፍሽ ውስጥ ያለውን ሰከንድ ስቴጅ ለጓደኛሽ ሰጥተሽ አንቺ በመሙያው ትተነፍሻለሽ። ይህ የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ በዓመት አንድ ሳምንት የሚጠልቅ እጅ አይለምደውም።

ከመነሳትሽ ሦስት ሳምንት በፊት ከቁም ሳጥኑ አውጪው። የፈርስት ስቴጁን ክዳን እንደዘጋሽ ሰከንድ ስቴጁን አፍሽ ውስጥ አድርገሽ ሳቢ። አየር መምጣት የለበትም። ከመጣ የሆነ ቦታ ተቀዷል ወይም በደንብ አልገጠመም። ከዚያ ባለሙያ ጋ ወስደሽ መካከለኛውን ግፊት (ከፈርስት ስቴጁ ወደ ሰከንድ ስቴጁ የሚሄደውን) አስለኪ። ጥቂት ጊዜ ተንፍሰሽበት የጌጁ መርፌ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ዕቃው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት መፈታት አለበት። ሦስት ሳምንት ያልኩሽ መለዋወጫ ሊታዘዝ ስለሚችል ነው። ሬጉሌተሩን ከሻንጣ ጋር አትላኪው፣ በእጅሽ ያዢው። አንድ የአፍ ጎማና ጥቂት ማሰሪያም ጨምሪ፣ ባለፈው ዓመት ያጠጣሽ ያ ነውና።

ስለ ጉዞሽ ደግሞ ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ይህ አውሮፕላን በሰማይ ሲሄድ ውስጡ ከሚኖረው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል። ስትጠልቂ ሰውነትሽ ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅን ግፊቱ ዝቅ ሲል አረፋ ሆኖ ሊጎዳሽ ይችላል፤ ስለዚህ ለብዙ ቀን ከጠለቅሽ በኋላ ከመብረርሽ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቂ። በመኪና ወይም በባቡር ብትወጪም ያው ነው፤ መንገዱ ምድር ላይ ስለሆነ ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አይታለልም።

በዚያች የመጨረሻ ቀን ሆቴል ውስጥ ሬጉሌተሩን ክዳኑን አድርቀሽ በደንብ ዝጊና ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ተዘፍዝፎ ሳለ የሰከንድ ስቴጁን ቁልፍ አትጫኚ፤ ውሃው ወደ ቱቦው ይገባል። ከዚያ ጥላ ላይ ስቀዪው፣ ፀሐይ ላይ አይሁን። ሲደርቅ ቱቦውን ሳታጥፊ በሰፊው ጠቅልለሽ ያዢው።