«ድንጋይ ልትማሪ ነው አሜሪካ የመጣሽው?»

ውድ እትዬ፣

የምጽፍልዎት ትዕግሥቴ አልቆ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ አጎቴ ቤት ነው። ሌሊት ኤርፖርት እሠራለሁ፣ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ። የምማረው ጂኦሎጂ ነው። ጥፋቴም ይኸው ነው።

አጎቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ እኮ ድንጋይ ልትማር ነው አሜሪካ የመጣችው» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ቡና ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ባለፈው ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ልጃቸው ነርስ ናት፣ ቤት ገዝታለች፤ ይህም በየቀኑ ይነገረኛል። «ድንጋይማ አገርሽ ሞልቶ አልነበር? ለምን የቲኬት አስወጣሽን?» ይሉኛል።

እኔ ጂኦሎጂን አስቤበት አልገባሁም፤ ለሳይንስ ማሟያ ብዬ የወሰድኩት ክላስ ነበር። አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ሬድ ሮክስ ወደሚባለው፣ ዴንቨር አጠገብ ወዳለው የቀይ ዓለት ፓርክ ወሰዱን። ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ዕድሜው 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከሥሩ ያለው ናይስ የሚባለው ዓለት ደግሞ 1.7 ቢሊዮን። ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር አሳዩንና «እጅሽን አሳርፊበት» አሉኝ። አውራ ጣቴ አንዱ ላይ፣ ትንሿ ጣቴ ሌላው ላይ ዋለ። በመሃሉ 1.4 ቢሊዮን ዓመት የለም፤ ተሸርሽሮ ሄዷል። ለዚያ ጉዞ ከባልደረባዬ ጋር ሁለት ሺፍት ተቀያይሬ፣ ሳልተኛ ነው የሄድኩት፤ እንቅልፍ ግን ዝር አላለብኝም። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ ያለውን የጂኦሎጂ ክላስ በሙሉ ወስጃለሁ፤ ሁሉም ኤ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ገና ሰሞን ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ መተሃራ ያለችው አክስቴ ደጅ ታድር ነበር። አጎቴ ሌሊት ሥራ ቦታ ደውለው «ምንድን ነው ነገሩ?» አሉኝ። ቅልጥ ዓለት ከሥር እየሰረገ መሬቱን ሲሰነጥቀው እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በሳምንቱ ያው ቀልድ ቀጠለ።

አሁን 52 ክሬዲት አለኝ። ለጂኦሎጂ ዲግሪ የሚጠየቀውን ካልኩለስ ከሥራ ሰዓቴ ጋር እየተጋጨ ሁለቴ ድሮፕ አድርጌዋለሁ፤ ኬሚስትሪም ገና ነው። አገር ቤት ሶሻል ነበርኩ፤ እሱ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይደረስበታል። ጥያቄዬ ይኸውልዎት፦ ለመጪው ፎል ወደ ዩኒቨርሲቲ የትራንስፈር ማመልከቻ ልላክ ወይስ አጎቴ እንደሚሉት ነርሲንግ ጨርሼ፣ ራሴን ችዬ፣ ወደ ጂኦሎጂ ልመለስ?

ባለ ድንጋይዋ፣ ከኦሮራ

*

ልጄ፣

ስለ አጎትሽ ያን ሁሉ ጻፍሽ፤ ስለ ካልኩለስ አንድ መስመር። እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ያቺን መስመር ነው።

ከሥራ ሰዓት ጋር ተጋጨብኝ አልሽ። ለሬድ ሮክስ ግን ሁለት ሺፍት አስቀይረሻል፣ እንቅልፍሽንም ትተሻል። ያቺ ባልደረባሽ ለካልኩለስ እምቢ አለችሽ? አልጠየቅሻትም። ሒሳቡን ፈርተሽ ሺፍቱን ተንተራስሽ፤ አሁን ደግሞ አጎትሽን ልትንተራሺ ነው። ነርሲንግ ገብተሽ ዕድሜ ልክሽን «እሳቸው ናቸው ያስተዉኝ» ልትይ። ቀልዳቸው ያስጠላል፣ ያውም ለቅሶ ቤት! ግን ካልኩለሱን ድሮፕ ያደረጉት እሳቸው አይደሉም።

ፍርሃትሽን አልንቀውም። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ሶሻል የተማረ ልጅ ትሪጎኖሜትሪ ሳይጠነክር ካልኩለስ ክፍል ቢቀመጥ፣ በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ ቢጠፋበት ምን ይገርማል? አንድ ክላስ ወደ ታች ውረጂ። ፕሪካልኩለስን ሰመር ላይ ለብቻው፣ ሌላ ክላስ ሳትደርቢበት ውሰጂ። ሦስተኛ ድሮፕ ደግሞ አይታሰብ፤ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ የሚሰጡት ከተመዘገብሽበት ውስጥ ምን ያህሉን እንደጨረስሽ ይቆጥራሉ።

«ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይደረስበታል» ያልሽው ነገር አናደደኝ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠብቅሽ ሚኒራሎጂ፣ የማዕድናት ጥናት ነው፤ ያለ ኬሚስትሪ አያስገቡሽም። ከሱ በኋላ የዓለቶች ጥናት የሆነው ፔትሮሎጂ፣ ጎን ለጎን ፊዚክስ፣ መጨረሻ ላይ ሜዳ ወጥተሽ የምትማሪበት፣ ሳምንታት የሚፈጀው የሰመር ፊልድ ካምፕ። አንዱ በአንዱ ላይ የተሰካ ነው፤ ብዙዎቹ ክላሶች ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጡት። አንዷ ከጎደለችሽ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ክፍያ። ካልኩለስና ኬሚስትሪ አሁን ባለሽበት ርካሽ ናቸው፣ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አስተማሪው ስምሽን ያውቃል። ይህን ትተሽ መቶ ምናምን ሰው የሚታጨቅበት አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ልትማሪው ነው?

ስለዚህ ለዚህ ፎል አትላኪ፤ ለሚቀጥለው ላኪ። እስከዚያ የጂኦሎጂ ክላስ አይጨመር። ማር መቀማት እንደሚሆንብሽ አውቃለሁ፤ ኤውን ግን ሰብስበሻል፣ ይበቃል። ልትገቢበት ያሰብሽው ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ክፍል ትራንስክሪፕትሽን ይዘሽ ሂጂና አድቫይዘሩን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከ52ቱ ክሬዲት ለዲግሪው የሚቆጠረው ስንቱ ነው? «እንቀበለዋለን» እና «ለዲግሪው ይቆጠራል» ለየቅል ናቸው። ብዙ ልጆቻችን ልዩነቱን ያወቁት ከገቡ በኋላ ነው፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ።

ነርሲንግ ጨርሶ ወደ ልቡ ፍላጎት የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም። ደመወዙ ይመጣል፣ የቤት ዕዳው ይከተላል፣ ልጅ ይወለዳል። ደግሞስ በሽተኛው ምን በደለሽ? ልቧ ሬድ ሮክስ የቀረ ነርስ መርፌ ልትወጋው?

አድልዎ አለብኝ፣ አልደብቅሽም። እግዜር ይስጣቸው፣ በነርሶቻችን እኮራለሁ፤ ግን የስምጥ ሸለቆ ልጆች ሆነን ከእግራችን ሥር ያለውን የሚያነብልን ሰው ስንት አለን? የዓለምን የመሬት መንቀጥቀጥ ሌት ተቀን የሚከታተለው የአሜሪካ ማዕከል ያለው እዚያው ኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ ነው፣ ከሬድ ሮክስ አጠገብ። መተሃራ ሲንቀጠቀጥ እዚያ ይመዘገባል፤ አንቺ ካለሽበት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

አጎትሽን ለጊዜው ተያቸው። ያን ሌሊት የደወሉት ለነርሷ አልነበረም።

ፕሪካልኩለስ የተመዘገብሽ ዕለት ጻፊልኝ፤ ሺፍቱን ማን እንደቀየረልሽም።