«የዘላለም ቤት» የተባለው መቃብሩ ነው ወይስ ሰማያዊው ቤት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የምኖረው ጅማ ነው። እናቴ ካረፈች ዐርባ ቀኗ ሊሞላ ነው። በቀብሯ ዕለት ሰዉ ሁሉ «ወደ ዘላለም ቤቷ ሄደች» እያለ አጽናናኝ፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ወደ ሰማያዊው ቤት ገብታ ከሆነ ፍትሐቱና ተዝካሩ ለምን ያስፈልጋል? ካልገባችስ አሁን የት ናት? ለመጠየቅ ያፈርኩበትም ነገር አለ። እናቴ ዕድሜዋን በኪራይ ቤት ጨረሰች፤ እኔም ከቤት ቤት ስዞር ኖሬ አሁን በማኅበር ቤት ለመሥራት እየቆጠብኩ ነው። አገራችን በሰማይ ከሆነ ይህ ድካሜ እምነት ማጉደል ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር የእናትዎን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥልን።

ልብዎ ያላረፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «የዘላለም ቤት» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ተነግሯልና። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 12 ቁጥር 5 ላይ ሰው ወደ ዘላለም ቤቱ እንደሚሄድና አልቃሾች በአደባባይ እንደሚዞሩ ሲናገር የሚያሳየን ከፀሐይ በታች ለዓይን የሚታየውን፣ ማለትም መቃብሩን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 1 ላይ «ድንኳን የሚሆነው ምድራዊ መኖሪያችን ቢፈርስ» በሰማይ በእጅ ያልተሠራ የዘላለም ቤት እንዳለን እናውቃለን ይላል። ለቅሶ ላይ ሁለቱ ይቀላቀሉብናል፤ ሳጥኑ ሲወርድ እያየን ስለ ሰማይ እንናገራለን።

ድንኳን የሚለውን ቃል ጥቂት እንመልከተው። ሐዋርያው በእጅ ሥራው ድንኳን ሰፊ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል፤ ስለዚህ የሚናገረውን በጣቱ ያውቀዋል። እኛም የምናውቀው በለቅሶ ነው። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ሰው ዐርፎ የእድሩ ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በዝናብ ድንኳኑን ሲተክሉ አብሬ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ገመዱ ተፈታ፣ ሸራው ውኃ እንዳዘለ ተጠቅልሎ ተጫነ፣ በደጃፉ የቀረው ካስማዎቹ የተነቀሉበት ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ወዲያው ውኃ ሞላበት። ሐዋርያው ድንኳን ያለው እርስዎ የሚከራዩትን ቤት ሳይሆን ይህን የለበስነውን ሥጋ ነው። ስለዚህ ተስፋችን ነፍስ ከሥጋ ተላቅቃ መቅረቷ አይደለም፤ ራሱ በቁጥር 4 ላይ «ልንለብስ እንጂ ልንገፈፍ አንወድም» ብሏል። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ስለ ትንሣኤ ሙታንና ስለሚመጣው ሕይወት ያጸኑት ቃል ይኸው ነው፤ የሃይማኖታችን መሠረተ ትምህርቶች ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻውም ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ሰማያዊውን ቤት ከትንሣኤ ለይቶ የሚያስብ ሰው የተስፋውን እኩሌታ ጥሎታል።

እናትዎ አሁን የት ናቸው ለሚለው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በሃይማኖትና በምግባር ጸንተው ያረፉ ምእመናን ነፍሳት በገነት ሆነው ትንሣኤን ይጠባበቃሉ። ጌታ በቀኙ ለተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ያለው ይህን ነው፤ «የተዘጋጀላችሁን መንግሥት ውረሱ» የሚለው ቃል ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው የሚነገረው በክብሩ ሲመጣ ነው። የዕብራውያን መልእክትም በምዕራፍ 11 መጨረሻ የቀደሙት ጻድቃን ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ ተስፋውን ገና እንዳላገኙ ይመሰክራል። ስለዚህ «ገብታለች» የሚለውም «አልገባችም» የሚለውም ብቻውን አያጠግብም። ፍትሐቱና ተዝካሩ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እኛ የማንንም ሰው ፍርድ አስቀድመን አንናገርም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ወዳጁ ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ» እንደ ለመነ እኛም ለእናትዎ ምሕረትን እንለምናለን። (ተዝካር በብድር መደገስ አለበት ብሎ ያስተማረ አባት እንደሌለ እግረ መንገዴን ልናገር፤ ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለድኻ የሚሰጠው ቁራሽ ይበቃል።)

ስለ ራሱ ስለ ቤቱ ደግሞ፣ «በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ» የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ቃል ሲሰሙ በጅሬን ኮረብታ ላይ እንዳለው እንደ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለ፣ ሰገነትና ክፍል የበዛበት ግቢ በሐሳባቸው የሚስሉ ብዙዎች ናቸው። በኪራይ ለደከመ ሰው ይህ ሥዕል ደስ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ፤ ልነቅፈውም አልፈልግም። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 23 ላይ ጌታ ቃሉን ስለሚጠብቅ ሰው ሲናገር እርሱና አባቱ ወደዚያ ሰው መጥተው በእርሱ ዘንድ «መኖሪያ» እንደሚያደርጉ ይነግረናል። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክም በሁለቱም ቦታ ቃሉ አንድ ነው። እንግዲህ የሰማዩ መኖሪያ ምንነቱ ከእግዚአብሔር ጋር መኖር ነው፤ ይህም በጥምቀትና በቁርባን ከዚሁ ይጀምራል። በቁጥር 3 ላይ «ስፍራ ባዘጋጅላችሁ» ካለ በኋላ ምክንያቱን ሲገልጽ «እኔ ባለሁበት እናንተ ደግሞ እንድትሆኑ» አለ እንጂ ስለ ቤቱ ስፋት አልተናገረም።

ለማኅበሩ የሚቆጥቡት ገንዘብ እምነት ማጉደል አይደለም። በባቢሎን በምርኮ ለነበሩት፣ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ተስፋ ለተሰጣቸው ሰዎች፣ እግዚአብሔር በነቢዩ በኤርምያስ ምዕራፍ 29 ላይ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አታክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ የተማረኩባትንም ከተማ ሰላም እንዲሹ አዟቸዋል። የመመለሻቸው ዘመን 70 ዓመት ነበር፤ እስከዚያ ሜዳ ላይ ተቀመጡ አላላቸውም። አባታችን አብርሃምም በድንኳን እየኖረ እግዚአብሔር የሠራትን ከተማ ሲጠብቅ፣ በተስፋይቱ ምድር ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው የሣራን መቃብር ነበር፤ በ400 ሰቅል ብር። ያን ዋሻና እርሻ ሲገዛ በሰዎች ፊት ብሩን መዝኖ፣ ወሰኑን አስታውቆ ነው፤ ተስፋው በሰማይ ስለ ሆነ በምድሩ ውል አልተዘናጋም። ቤት መሥራት ኃጢአት የሚሆነው ሰው ቤቱ እስኪያልቅ ብሎ ቅዳሴውን ሲያስታጉል፣ ከወንድሙ ድርሻ ሲሻማ፣ ወይም ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ በሩን ለእንግዳ ሲዘጋ ነው። ይህን ለንስሐ አባትዎም ያማክሩ።

እስከ ዐርባው ድረስ ባሉት ቀናት የእናትዎን የክርስትና ስም ጽፈው ለካህኑ ይስጡ፤ በጸሎቱ የሚታሰቡት በእርሱ ነውና። የወሩን የማኅበር መዋጮም ሳይጨነቁ ይክፈሉ።