አንድ ዓመት ልረፍ ብል ገንዘቡ ይበቃኛል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። ሥራ ሳይጠሉ፣ ሳይባረሩ፣ ጡረታም ሳይደርሱ ትንሽ ዞር ማለት የፈለጉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የሚፈሩት ገንዘቡን ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ መመለሻውን። እኔም ከዓመታት በፊት በ41 ዓመቴ ለ10 ወር ሥራ አቁሜ ስለነበር ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እንግዲህ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 37 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ባንክ 13 ዓመት ሠርቻለሁ። የደንበኞች ግንኙነት ኦፊሰር ነኝ፣ ማለትም ከጠዋት እስከ ማታ ዲፖዚት አምጪ እባላለሁ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ከሟች ወንድም ጋር ስለ ሒሳብ መክፈት ሳወራ ራሴን ያዝኩት። ያኔ ነው በቃኝ ያልኩት። ለቅቄ አንድ ዓመት ማረፍ፣ ከልጆቼ ጋር መሆን እፈልጋለሁ። 370,000 ብር ቆጥቤያለሁ። ግብሩ፣ ጡረታውና የቤት ብድሩ (13,100 ብር) ተቆርጦ እጄ ላይ በወር 30,000 ብር ይደርሰኛል። 30,000 በ12 ሲባዛ 360,000 ነው። ስለዚህ ይበቃኛል ማለት ነው፣ አይደል? የብድሩ ቀሪ 1.4 ሚሊዮን ብር ሲሆን 14 ዓመት ይቀረዋል፣ ወለዱ የሠራተኛ ስለሆነ 7 ከመቶ ነው። የዓመት ፈቃዴን ሁለት ዓመት አልወጣሁም። ባለቤቴ የራሱ ገቢ አለው፣ ግን የልጆቹን ትምህርት ቤት ነው የሚችለው።

መልስ፦ እህቴ፣ ለቅሶ ቤቱ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፣ ይቅር በይኝ። መድከምሽን ለማመን ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ስሌትሽ ግን ልክ አይደለም። የባንክ ሰው ሆነሽ እንዴት አለፈሽ አልልም፣ የራሳችንን ሒሳብ ስንሠራ ሁላችንም እንዲሁ ነን። 30,000ው እኮ ብድሩ ከተቆረጠ በኋላ የተረፈው ነው። የለቀቅሽ ዕለት 13,100ው ከደሞዝሽ መቆረጡ ይቀራል፣ መከፈሉ ግን አይቀርም። ከቁጠባሽ ይወጣል።

እሱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። የብድር ውልሽን ከፋይሉ አውጥተሽ አንብቢው። የሠራተኛ ብድር ውሎች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አንቀጽ አለች፤ ሠራተኛው ከለቀቀ ወለዱ ደንበኛ ወደሚከፍለው ይዞራል ትላለች። የደንበኛው ወለድ 17 ከመቶ ነው ብለን እንያዝ። ያው 1.4 ሚሊዮን በ14 ዓመት ሲከፈል ወርሃዊ ክፍያው ከ13,100 ተነስቶ ወደ 21,900 ይወጣል። በዓመት 262,800 ብር መሆኑ ነው። ከ370,000ው ላይ ቀንሺው። የሚተርፍሽ 107,200 ነው፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 8,900 ብር ገደማ። በዚህ ገንዘብ ሁለት ልጅ ይዘሽ አዲስ አበባ ውስጥ አታርፊም፣ ጭንቀቱ ነው የሚቀይረው ቦታውን።

ሰው ዕረፍት ሲያስብ ደሞዙን ይቆጥራል። የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ደሞዙ ላይ የተንጠለጠለው ነው። ያንቺ ብድሩ ነው። ከብድሩ ሌላም ፈትሺ፦ መሥሪያ ቤትሽ የሚከፍለው የሕክምና ሽፋን ልጆችሽን ይጨምራል? ባንኩ ሥልጠና ልኮሽ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብለሽ ፈርመሻል? በደሞዝሽ ለማን ዋስ ሆነሻል? እቁብሽስ? እቁቡን አስቀድመሽ ከበላሽ ገና የምትከፍዪው ዕዳ ነው፣ ካልደረሰሽ ግን ከዳኛው ጋር ተነጋግረሽ ዕጣሽ ወደ መጨረሻው እንዲሆን ማድረግ ትችያለሽ፤ ያኔ ዕረፍት ላይ እያለሽ ጠቅላላ ገንዘብ ይመጣልሻል። እድርን ግን እንዳትነኪ። በወር የምትቆጥቢው ሳንቲም ነው፣ የምታጪው ድንኳኑንና ሰዉን ነው።

ለመልቀቅ የምትቸኩዪው ለምንድነው? ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቀሻል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ሲፈቅድ የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም ይላል። ውሉ ካልተቋረጠ ደግሞ አንቺ አሁንም ሠራተኛ ነሽ፣ ስለዚህ በ7 ከመቶው የመቆየት ዕድል አለሽ። ይህንን ግን በቃል እንዳትቀበዪ። የሰው ሀብት ኃላፊው «ችግር የለውም» ቢልሽ፣ «እባክህ በደብዳቤ» በዪው። አሠሪው የመፍቀድ ግዴታ የለበትም፤ ሕጉ በግድ የሚሰጥሽ ያለ ክፍያ ፈቃድ ለከባድ አጋጣሚ የሚሆነው የ5 ቀኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ልመናም ድርድርም ይኖረዋል። ሰኔ ላይ በዓመት መዝጊያ ግርግር መሀል እንዳትጠይቂያቸው ደግሞ።

አሁን ቁጥሩን እንደገና እንሥራው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ያልወጣሽው የሁለት ዓመት ፈቃድ 43 ቀን ገደማ ይሆናል፤ የኅብረት ስምምነታችሁ የተሻለ ካለው ከዚያም በላይ። ፈቃድን ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ ስለማይቻል አሁኑኑ ጠይቂበት። ይህ ሙሉ ደሞዝ እየተከፈለሽ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ከኋላው አራት ወር ያለ ደመወዝ ብትጨምሪበት ስድስት ወር ሞላሽ። ለአራቱ ወር የሚያስፈልግሽ በወር 30,000 ለቤት፣ 13,100 ለብድር፣ በጠቅላላው 172,400 ብር ነው። ከቁጠባሽ ወደ 197,600 ይተርፋል። ልጅ ቢታመም ወይም ፍሪጁ ቢቃጠል የምትነኪው ነገር አለሽ ማለት ነው።

ስድስት ወር ያንሳል ትዪኝ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የተኛሁ ይመስለኛል፣ አራተኛው ሳምንት ላይ መጋረጃ ማጠብ ጀመርኩ፣ አምስተኛው ላይ አክስቴ «ቤት ነሽ አይደል?» ብላ ቀበሌ ላከችኝ። ከዚያ በኋላ ዘመድ በሙሉ ጉዳይ አስፈጻሚ ያገኘ መሰለው። ሆስፒታል ወረፋ መያዝ፣ ለሠርግ ሽንኩርት መላጥ፣ መብራት መክፈል። ከ10 ወሩ ውስጥ የኔ የነበረው ስድስት ወር ቢሆን ነው። ስለዚህ ለሰው ሁሉ ሥራ አቁሜያለሁ አትበዪ። «ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው» በያቸው፣ እግዜር ይቅር ይላል።

ባንኩ እምቢ ብሎ የግድ ከለቀቅሽም ባዶ እጅሽን አትወጪም። ከ5 ዓመት በላይ ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 12 ወር ነው። ያንቺ 13 ዓመት የ5 ወር ደሞዝ ይሆናል፣ ግብሩ ገና ሳይቀነስለት። ፕሮቪደንት ፈንድ (አንቺም አሠሪሽም የምታዋጡበት የቁጠባ ፈንድ) ካላችሁ ግን ሁለቱ እንዴት እንደሚያያዙ የኅብረት ስምምነቱን እዪ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አትርሺ። (ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፣ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም።)

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። 45 ዓመቴ ነው፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ አርጅታለች። ስድስት ወር አብሬያት መሆን እፈልጋለሁ። ፎር ኦ ዋን ኬዬን፣ ማለትም በሥራዬ በኩል ያጠራቀምኩትን የጡረታ ቁጠባ፣ አውጥቼ ብሄድስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱን ገንዘብ ተወው። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ስታወጣው ገቢ ሆኖ ግብር ይቆረጥበታል፣ ከዚያ ላይ 10 ከመቶ ቅጣት አለው። ይህ የመጨረሻ መጨረሻ በር ነው።

ያንተ ተንጠልጣይ የጤና ኢንሹራንሱ ነው። ከለቀቅህ ኮብራ በሚባለው ሕግ የሥራህን ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር መቀጠል ትችላለህ፣ ነገር ግን አሠሪህ ይሸፍንልህ የነበረውን ጭምር አንተ ነህ የምትከፍለው፣ እስከ 102 ከመቶ። ዋጋውን ሳትሰማ ትኬት እንዳትቆርጥ። ከለቀቅህ በኋላ 60 ቀን ውስጥ ከመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ገበያው ሌላ ኢንሹራንስ መግዛትም ይቻላል።

እናትህ ያረጁ ብቻ ናቸው ወይስ የታመሙ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከባድ ሕመም ካለባቸው ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በዓመት 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይሰጥሃል፤ ሥራህ ይጠበቃል፣ ኢንሹራንስህም በነበረበት ይቀጥላል። አሠሪህ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው፣ አንተም ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት ከሠራህ ነው ይህ የሚሆነው። እዚህ ያለ ሐኪም የሚጽፈው ማስረጃም ያገለግላል። ስለዚህ ስድስት ወሩን በአንዴ ከመልቀቅ ሦስቱን ወር በዚህ ተጠቀም፣ የቀረውን አለቃህን ለምነው። አፓርታማህን ደግሞ ባዶ አታሳድር፣ የኪራይ ውልህ ከፈቀደ ለሰው ስጠው። እዚያ ከተማ ክፍል የሚፈልግ የአገር ልጅ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሥራ ለቅቄ ስመለስ «ይህን ዓመት የት ነበርክ?» ቢሉኝ ምን ልበል? ሲቪዬ ላይስ?

መልስ፦ አንድ መስመር ይበቃል፦ «የግል ዕረፍት፣ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር»። ማስረዘም ጥርጣሬ ያመጣል። የሚበልጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ስትወጣ መያዝህ ነው። ምን እንደሠራህ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራህና ደሞዝህን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው በነፃ መስጠት አለበት። «በኋላ መጥቼ እወስዳለሁ» አትበል፣ በኋላ የሚያውቅህ ሰው ላይኖር ይችላል።

ክሊራንሱንም፣ ማለትም ንብረትም ዕዳም የለብህም የሚለውን ወረቀት፣ እንዲሁ። ሕጉ ክፍያህ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም ይላል፣ ንብረት ሳትመልስ ከዘገየህ ግን ጊዜው ይራዘማል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ንብረት ክፍል በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) የወሰድሽው አንድ ካልኩሌተር አልተመለሰም አለኝ። ሲቲዘን፣ 12 ዲጂት። ቤቴን ገለበጥኩት። ገዝቼ ልተካ ብል ያው ቁጥር ያለው ካልሆነ አንቀበልም አሉ። ክፍያዬን ያገኘሁት ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ከእህቴ ተበደርኩ። ካልኩሌተሩ የተገኘው አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ እሳቸው ሲለቁ።