ከፕሮፐርቲስ መስኮት መደበቅና ከኮድ ማስቀረት ይለያያሉ

ሰላም ወንድሜ። በዊንዶውስ ፎርምስ በሠራኸው ዩዘር ኮንትሮል (ፎርም ላይ የሚቀመጥ የራስህ የመስኮት ክፍል) ላይ የደንበኞችን ዝርዝር የያዘውን ፕሮፐርቲ (የኮንትሮሉን አንድ ዋጋ የሚይዝ) «ብራውዘብል ፎልስ» ብለህ ደብቀኸዋል፤ ዲዛይነሩ (ፎርሙን በዓይን እያየህ የምትሠራበት የቪዥዋል ስቱዲዮ ክፍል) ግን አሁንም ኮድ ይጽፍለታል። «ቴክስት» የሚለው ፕሮፐርቲ ደግሞ እንዲታይ ብትፈልግም አይታይም። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው።

«ብራውዘብል» የሚወስነው ፕሮፐርቲስ መስኮት ላይ መታየት አለመታየቱን ብቻ ነው። ዲዛይነሩ ዋጋውን ፎርሙ ውስጥ ይጻፈው አይጻፈው የሚወስነው ሌላ አትሪቢዩት (ከፕሮፐርቲው በላይ በኮድ የሚጻፍ ምልክት) ነው፦ «ዲዛይነር ሲሪያላይዜሽን ቪዚቢሊቲ»። ለደንበኞች ዝርዝር እሱን «ሂደን» (አትጻፈው ማለት ነው) አድርገው። ይህን በቸልታ አትለፈው። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር የፎርሙ ሬሶርስ ፋይል (ከኮዱ ጎን ዳታ የሚቀመጥበት ፋይል) ውስጥ ተቀምጦ ይቀርና፣ በኋላ የክላሱን ስም ስትቀይር ፎርሙ አልከፈትም ይልሃል። ዝርዝሩ እዚያው ዲዛይነሩ ላይ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ ግን «ኮንተንት» (በውስጡ ያሉትን ጻፍ ማለት ነው) ነበር የሚያስፈልግህ።

ዩዘር ኮንትሮል «ቴክስት»ን ከመስኮቱም ከኮዱም ደብቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኦቨርራይድ አድርገህ (በራስህ ክላስ ውስጥ እንደገና ጽፈህ) ሁለቱንም ክፈት፤ «ብራውዘብል ትሩ»፣ ሲሪያላይዜሽኑን ደግሞ «ቪዚብል»። የመጀመሪያውን ብቻ ካደረግህ መስኮቱ ላይ ይታያል፣ ትጽፍበታለህ፤ ፎርሙን ዘግተህ ስትከፍት ግን የጻፍከው የለም።

አልጠየቅከኝም፤ ግን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ስለሆነ ልንገርህ። «ዲፎልት ቫልዩ» ለፕሮፐርቲው ምንም ዋጋ አይሰጥም። ለዲዛይነሩ «ዋጋው ይህ ከሆነ መጻፍ አያስፈልግህም» ብሎ መንገር ነው ሥራው። አትሪቢዩቱ ላይ 10 ብለህ ፕሮፐርቲው ራሱ ከ0 የሚነሳ ከሆነ፣ ተጠቃሚው 10 ሲመርጥ አይጻፍለትም፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ዋጋው 0 ይሆናል። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። ሁለቱ ቁጥሮች ሁሌም አንድ ይሁኑ። መነሻ ዋጋው እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ከሆነ አትሪቢዩቱን ተወው። በምትኩ «ሹድ ሲሪያላይዝ» እና «ሪሴት» ብለህ የፕሮፐርቲውን ስም ከኋላቸው በመቀጠል ሁለት ሜተዶች ጻፍ (የመጀመሪያው ይጻፍ አይጻፍ ይላል፣ ሁለተኛው ወደ መነሻ ዋጋው ይመልሳል)፤ ዲዛይነሩ ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል።

«ካታጎሪ» (ፕሮፐርቲስ መስኮት ላይ የሚገባበት ክፍል) እና «ዲስክሪፕሽን» (ማብራሪያው) ቀላል ናቸው፤ ግን አትዝለላቸው። ካታጎሪ ካልሰጠኸው ፕሮፐርቲህ «ሚስክ» ከሚለው ክፍል ይገባል፤ ኮንትሮልህን የሚጠቀመው ባልደረባህም እዚያ ሲፈልግ ይውላል።

ወደ ዶት ኔት 9 ከተሻገርክ ደግሞ ቪዥዋል ስቱዲዮ ደብሊው ኤፍ ኦ 1000 የሚል ስህተት ያወጣብህ ይሆናል። ፕሮፐርቲው ይጻፍ አይጻፍ አልወሰንክም ማለቱ ነው። ብዙዎች ያጠፉታል። እኔ አታጥፋው እላለሁ፤ እያንዳንዱን ፕሮፐርቲ አይተህ ወስን።

አትሪቢዩቶቹን ከቀየርክ በኋላ ፎርሙን ዝጋ፣ ፕሮጀክቱን ሪቢልድ አድርግና መልሰህ ክፈት። ዲዛይነሩ ቀድሞ የጻፈው መስመር ፎርሙ እንደገና እስኪቀመጥ ድረስ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ነገር ነካ አድርገህ ሴቭ አድርገውና የዲዛይነር ፋይሉን ከፍተህ አረጋግጥ።