በ3 ሰዓት ተነስቶ በ3 ሰዓት መድረስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ፣ ኔብራስካ ስቴት፣ ኦማሃ ነው። ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለፈው ሰሞን በሀይዌይ 20 ወደ ምዕራብ ስሄድ፣ ቫለንታይን ከምትባል ከተማ ጠዋት በ3 ሰዓት ተነሳሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ሜሪማን የምትባል መንደር ስደርስ ስልኬ አሁንም 3 ሰዓት ይላል! ሁለቱም ያሉት ቼሪ ካውንቲ ውስጥ ነው አሉኝ። በመንገዱ ደግሞ ከሳርና ከላም በቀር ሰው አላየሁም ብል ይቀለኛል። ይኼ ምን ዓይነት አገር ነው? ሕዝቡስ የት ሄደ?

መልስ፦ ስልክህ ደህና ነው ወንድሜ። ቼሪ ካውንቲን የሰዓት መስመር ለሁለት ይቆርጠዋል። ቫለንታይን በሴንትራል ሰዓት ትሄዳለች፣ ሜሪማን በማውንቴን። ወደ ምዕራብ ስትነዳ አንድ ሰዓት ታተርፋለህ፤ ስትመለስ ትከፍላለህ። እኔ መክፈሉን ነው ቀድሜ የተማርኩት። ከቻድሮን ወደ ምሥራቅ ስመጣ ጊዜ አለኝ ብዬ ቡናዬን ሳጣጥም ቆየሁ። የሎዱን (የጭነቱን) ቀጠሮ 40 ደቂቃ አሳልፌ ደረስኩ። በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ ትራኩ ውስጥ አደርኩ። ሎግህ (የመንዳት ሰዓትህ መዝገብ) የሚቆጥረው በመነሻ ተርሚናልህ ሰዓት ስለሆነ አያነቃህም። ቀጠሮ ሲሰጡህ የየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጠይቅ።

ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ በኛ ወረዳ ብትለው ብዙም አትሳሳትም። ቼሪ ግን ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኮኔቲከት የሚባለው ስቴት በሙሉ እዚያ ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተገኘው ሰው 5,455 ብቻ ነው። ግማሽ የሚጠጋው ቫለንታይን ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሰው ባታይ አይገርምም።

ያየኸው ኮረብታ ሁሉ አሸዋ ነው። ሳር የለበሰ አሸዋ። ሳንድሂልስ ይሉታል፤ በአሜሪካ አህጉሮች ይኼን የሚያክል የአሸዋ ክምር የለም። ሳሩ ቆዳው ነው። ቆዳው የተላጠ ዕለት ነፋስ ይገባና ጉድጓድ ይቆፍራል። ከብት አርቢዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ አሮጌ ጎማ ይደረድራሉ። መጀመሪያ ሳየው ቆሻሻ የጣሉ መስሎኝ ታዝቤያቸው ነበር። ለካ ነፋሱን እየከለከሉት ነው! ዝናቡ ደግሞ አይፈስም፣ ወደ ታች ይሰርጋል። ከሥር ኦጋላላ የሚባለው ሰፊ የከርሰ ምድር ውኃ አለ። በኮረብቶቹ መሃል ያየሃቸው ትንንሽ ሐይቆች ያ ውኃ ብቅ ያለባቸው ናቸው።

አገሩ የላኮታና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበር። በ1880 ፎርት ናዮብራራ የሚባል የጦር ሰፈር ተተከለ፣ በ1883 ካውንቲው ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው በ1881 ከተገደለ ቼሪ ከሚባል የሰፈሩ መቶ አለቃ ነው።

ሕዝቡ የት ሄደ ላልከው፣ መጥቶ ነው የሄደው። የ1862ቱ የመሬት ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። እዚህ አሸዋ ላይ ያ ለምንም አልሆነም። በ1904 ሞዝስ ኪንኬይድ የሚባል የኔብራስካ የኮንግረስ አባል ባመጣው ሕግ ወደ 640 ኤከር ከፍ አለ። በድሮው አለካክ ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ ማለት ነው! አምስት ዓመት ኖረህ መሬቱን ካለማህ ያንተ ነው። አያቴ ቢሰሙ «ባላባት ሆናችኋላ» ይሉ ነበር። ሰው ጎረፈ። እንጨት ስለሌለ ሳሩን ከነሥሩ ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ሠሩበት። የሚያነዱት ኩበት ነበር። አዎ፣ ኩበት፣ አሜሪካ ውስጥ።

ግን ያን ሁሉ ጋሻ ብታርሰው አሸዋው ይነሳል፣ ከብት ብታረባበት ደግሞ የሚችለው ጥቂት ደርዘን ላም ነው። ብዙዎቹ የባለቤትነት ወረቀታቸውን እንዳገኙ ለትልልቆቹ ከብት አርቢዎች ሸጠው ወጡ። ዛሬ ያየኸው ማለቂያ የሌለው አጥር የዚያ ሽያጭ ውጤት ነው።

ከነሱ መሃል እኔን የሚይዘኝ የዲዊቲ ሰዎች ነገር ነው። በ1907 ገደማ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ሰሜን ሉፕ ወንዝ ዳር፣ ብራውንሊ ከምትባል መንደር አጠገብ ሰፈሩ። አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው ከባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ፣ የቤዝቦል ቡድን ነበራቸው። ፖስታ ቤታቸው በኋላ ስሙ ተቀይሮ ኦዴሺየስ ተባለ፤ ትርጉሙ «ደፋር» ነው። እነሱንም አሸዋው አልማራቸውም። በ1936 ገደማ ሰፈሩ ባዶ ቀረ።

በ2016 መታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞላቸዋል። ከቫለንታይን ወደ ደቡብ በሀይዌይ 83 የምትወርድበት ሎድ ከደረሰህ፣ ብራውንሊ ስትቃረብ ዓይንህን ጣል አድርግ። እዚያ ሰዓቱ ሴንትራል ነው፣ አትሸወድ።