ውሃውን ሙሉ በሙሉ አይድፉት

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ብዬ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዝቼ ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። አምስት ጎልድፊሽ ነበሩን። ሳምንት ሳይሞላው ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱንም፣ ጠጠሩንም፣ ፊልተሩንም በሳሙና አጥቤ ከቧንቧ እሞላለሁ። ሁለቱ ሞቱብኝ። ትልቁ ልጄ ደግሞ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር) የሚበላ ዓሣ ካልተገዛ ብሎ ይዞኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአያት ሰፈር)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የቅዳሜውን እጥበት ያቁሙ። ዓሦቹን የገደላቸው አልጌው አይመስለኝም፤ እጥበቱ ነው።

የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በደንብ እስኪበዙ አንድ ወር አካባቢ ይፈጅባቸዋል። እርስዎ ግን በየሳምንቱ በሳሙና ጠራርገው ያስወጧቸዋል። በዚያ ላይ የቧንቧው ክሎሪን የዓሦቹን ስንጥብ (መተንፈሻቸውን) ያቃጥላል።

አልጌ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ብርሃንና ምግብ። ቆቃ ሐይቅን አረንጓዴ የሚያለብሰውም ፀሐዩና የሚገባበት ቆሻሻና ማዳበሪያ ነው። እርስዎ ቤት ፀሐዩ በመስኮት ይገባል፣ ምግቡን ደግሞ ልጆቹ ይጨምራሉ። ልጅ ዓሣ ማብላት ሲጀምር እጁን አይሰበስብም። ስለዚህ አኳሪየሙን ፀሐይ ወደማይደርስበት ግድግዳ ያዙሩት። መብራቱ በቀን ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃዋል። ምግቡ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ቁንጥር ይሁን።

አሁን ያለውን አረንጓዴ ውሃ ለማጥራት፣ መብራቱን አጥፍተው አኳሪየሙን በወፍራም ጨርቅ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይሸፍኑት። ፊልተሩና የአየር ፓምፑ ግን እንዳይጠፉ። ዓሦቹ ጨለማው ምንም አይላቸውም። ጨርቁ ሲነሳ የሞተው አልጌ በስብሶ ውሃውን እንዳያበላሸው ሩቡን ቀይሩለት። አልጌ ገዳይ ፈሳሽ ቢያቀርቡልዎት አይግዙ፤ ምክንያቱ እስካለ ድረስ አልጌው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እኔ ቤት እንዲህ ነው። ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ መስታወቱን ከታች ወደ ላይ እፍቃለሁ። የተፋቀው እስኪወርድ ትንሽ እጠብቅና በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ መሃል ቆሻሻውን እየሳብኩ ሩብ ያህሉን ውሃ ወደ ባልዲ አወጣለሁ። የፊልተሩ ስፖንጅ ከቆሸሸ እዚያው ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ቧንቧ አይነካውም፣ ሳሙናማ በጭራሽ። የባልዲውን ውሃ አበባ ላይ ያፍስሱት፤ ናይትሬት ስላለው ይወደዋል።

የሚተካው ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ጀሪካን አንድ ቀን ሙሉ ይደር፤ ክሎሪኑ ይተናል። አኳሪየሙ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ ሙቀቱ ይስተካከላል። የአዲስ አበባ የጠዋት ቧንቧ ውሃ ዓሣ ላይ በቀጥታ የሚደፋ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁላችንም ስለምናጠራቅም ይሄ አይከብድዎትም።

ጠጠሩና የጀርባው መስታወት ላይ የሚቀረውን ስስ አረንጓዴ ይተዉት። ጎልድፊሽ ይለቃቅመዋል፣ ለውሃውም ይጠቅማል።

ልጅዎ የፈለገው ዓሣ ፕሌኮ ሳይሆን አይቀርም። ሲሸጥ ጣት ያክላል፤ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሞቅ ያለ ውሃ ይፈልጋል፣ ኩሱም ብዙ ነው። 60 ሊትር እኮ ለቀሩት ሦስቱም ጠባብ ነው። ገንዘቡ ካለ ሰፋ ያለ አኳሪየም ይግዙበት።